ለሐሴት ማን ይንገራት

ሰዓት ሠሪው ጋሽ ሉልሰገድ ልጃቸውን ጽዮንን ከቀበሩ ሠላሳ ሰባተኛ ቀናቸው ነበር። ዕለቱ ሐሙስ ነው። እሑድ አርባዋ ስለሚወጣ ፎቶግራፏን በትልቁ ለማሳተም ከፒያሳ በእግራቸው ወደ አራት ኪሎ ወጡ። ድሮ ቢሆን ይህን ያህል መንገድ አይሄዱም ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ፎቶ ቤት ግን ከነሕንፃው ፈርሷል፤ ባለቤቱም ወዴት እንደገባ አልሰሙም።

ፎቶውን ሰጥተው ሲመለሱ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለተኛ ልጃቸውን ዳናይትን አዩአት። ብብቷ ሥር የወረቀት ክምር ይዛለች። ሰዓቱ አራት ተኩል ነው፤ ዳናይት በዚህ ሰዓት ባንክ ቤት መስኮት ኋላ መቀመጥ ነበረባት። ጋሽ ሉልሰገድ ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«ባንኩ ወደዚህ ተዛወረ እንዴ?» አሏት።

ዳናይት ክው አለች። ጉንጫቸውን ስማ፣ «አባባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«እኔማ የእህትሽን ፎቶ ይዤ ነው የመጣሁት። የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ዳናይት ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ፣ «ባንኩን ከለቀቅሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ማስተርስ እየተማርኩ ነው» አለች።

«በምን?»

«በሶሻል ወርክ። በማኅበራዊ ሥራ።»

ጋሽ ሉልሰገድ የአላፊውን ትከሻ ሸሽተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። «ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ‹ሥራሽን ይባርክልሽ› እያልኩ ስመርቅሽ፣ አንቺ ‹አሜን› ትዪኛለሽ» አሉ።

«ምርቃቱ ለትምህርቱም ይሆናል ብዬ ነው።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ጽዮን ከሞተች ወዲህ ግን ሳቅ ሲመጣባቸው የሰው ዕቃ እንዳነሳ ሰው ያፍራሉ። መቆጣትም አቃታቸው። ሐዘን ቤት ውስጥ የከረመ ሰው ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። ቁልቁል ወደ ፒያሳ አብረው ወረዱ። ሳይፈርሱ ከቀሩት ኬክ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተው ጥግ ያዙ። እሳቸው ማኪያቶ፣ እሷ ሻይ አዘዙ።

«እስቲ አስረጂኝ» አሉ ስኒውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ሐኪም ያክማል። መሐንዲስ ይሠራል፤ ያፈርሳልም። የአንቺ ማስተርስ ሲያልቅ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲደርስበት ወድቆ እንዳይቀር ያግዛል። የታመመ፣ ሐዘን የገባበት፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ እናት የሌለው ልጅ።»

«ይሄ እኮ ጎረቤት ነው።»

«አዎ አባባ፣ ጎረቤት ነው።»

«ታዲያ ለጎረቤትነት ዩኒቨርሲቲ ይገባል? እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የእድር ሊቀመንበር ነኝ። ስንቱን ቀብሬ ስንቱን አጽናንቻለሁ። ድንኳን ስተክል ‹ማስተርስህን አሳየን› ያለኝ የለም።»

«እርስዎ የሚያደርጉትን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም፤ እሱን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድንኳኑ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሦስት ቀን ነዋ።»

«በአራተኛው ቀንስ?»

«በአራተኛው ቀን ይነቀላል። ሌላ ሰው ይሞታል እኮ ዳናይ፤ ያለን ድንኳን አንድ ነው።»

«እኔ የምማረው ከአራተኛው ቀን ወዲያ ያለውን ነው።»

ጋሽ ሉልሰገድ ማኪያቷቸውን ቀመሱ። መልሱ ጥሩ መልስ መሆኑን ልባቸው ያውቃል። ነገር ግን አባት በልጁ አንድ ቃል አይረታም፤ ቢያንስ ስኒው እስኪያልቅ ይከራከራል።

«በአራተኛው ቀን የሰፈር ሰው አለ» አሉ።

«የትኛው የሰፈር ሰው? እስቲ ከበራችን ጀምረው ይቁጠሩልኝ።»

በጣታቸው ጀመሩ። በቀኝ የነበሩት ገላን ሄደዋል። በግራ የነበረው ልብስ ሰፊው አጽብሐ ቤቱ ሲፈርስ ልጁ ዘንድ ቦሌ አራብሳ ገባ። ከፊት ለፊት የነበሩት ሁለቱ ቤቶች ዛሬ የመኪና መንገድ ናቸው። አራተኛው ጣታቸው ላይ ቆሙ። ሰዎቹ ለጽዮን ቀብር መጥተው ነበር፤ አንድ ሰው አልቀረም። ግን ታክሲ ሳይጠፋ ለመመለስ ከምሽቱ በፊት ተነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «አይዞህ» ይላሉ፤ ስልኩም እያደር እየቀነሰ ነው።

«ክፉ ሆነው አይደለም የጠፉት» አለች ዳናይት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ራቁ እንጂ። አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ከበሩ ማዶ ማን እንዳለቀሰ የሚያውቅ የለም። እድሩ ይቅር አላልኩም፤ እድሩ እኮ ነው ያቆመን። እድሩ የማይደርስበት ቦታ የሚደርስ ሰው ይኑር ነው የምለው። ሙያዬ ብሎ የተማረው፣ የሰው ምስጢር የሚጠብቅ፣ ‹እኔ አውቅልሃለሁ› የማይል፤ ‹አንተ ምን ትፈልጋለህ?› ብሎ የሚጠይቅ።»

«ባንክ እኮ ነው የለቀቅሽው። ሰው ደጅ የሚጠናበት ቦታ።»

«ጽዮን ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ትዝ ትልዎታለች? ጋዋን የማትለብስ፣ በየአልጋው እየዞረች የምትቀመጥ።»

«መነጽር ያደረገችው። ከቀበሌ የመጣች መስላኝ ነበር።»

«የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነበረች። ሐኪሞቹ ሁሉ ስለ ኩላሊቷ ነው የጠየቋት። ያቺ ሴት ግን፣ ‹ልጅ አለሽ? አሁን ማን ጋ ነች? ምን ብለሽ ነገርሻት?› አለቻት። ጽዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው። ሲወጣላት ተኛች። እኔም ያን ቀን ወሰንኩ።»

ጋሽ ሉልሰገድ ያን ቀን ያስታውሱታል። ጽዮን ማታውኑ፣ «አባባ፣ ልጄን ሐሴትን አምጡልኝ፤ እኔው ልንገራት» ብላ ለምናቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ፣ «ልጅ ሆስፒታል አይገባም። ደግሞ ምኑን ነው የምትነግሪያት? ትድኛለሽ» ብለው ብርድ ልብሱን አልብሰዋት ወጡ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። አሁንም ሊናገሩት አልፈለጉም፤ ስለዚህ ወሬ ለወጡ።

«የትምህርቱን ነገር ከአርባው በኋላ እናወራዋለን። አሁን የሚያሳስበኝ ሐሴት ነች። ቅዳሜ ሰሚት አክስቴ ቤት አደርሳታለሁ። እሑድ ቤቱ ሰው ይሞላል፤ አንዷ አፍ ቢያመልጣት ጉድ ይሆናል።»

ሐሴት የጽዮን ልጅ ነች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷን አታውቀውም። በቀብሩ ቀን ቤት እንዳትገኝ ወደ ዘመድ ተወሰደች። ስትመለስ፣ «እናትሽ ለሕክምና ህንድ ሄዳለች» ተባለች። እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ ደግነት ነው። አዋቂ ሰው መርዶውን በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። ልጅ ግን ልጅ ነው ተብሎ መርዶ ሳይነገረው ያድጋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ሐሴት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጥቁሩን እያወለቀ፣ ስትሄድ መልሶ እየለበሰ አንድ ወር አለፈ።

«አባባ፣ ሰኞ ለምን አምሽታ እንደመጣች ነገረችዎት?» አለች ዳናይት።

«ጓደኛዋን ሸኝታ ነው አለች።»

«አይደለም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለው ጫማ ቤት ፊት ለፊት ቆማ ነው ያገኘኋት።»

«ጫማ ቤት ምን ትሠራለች?»

«እርስዎ ቀይ ጫማ ሰጥተዋት አልነበር? ‹እናትሽ ከህንድ ላከችልሽ› ብለው።»

«ሰጥቻታለሁ። ደስ እንዲላት ብዬ።»

«ካርቶኑ ላይ የሱቁ ወረቀት ተለጥፏል። ‹ራስ መኮንን ድልድይ› ይላል። ሐሴት ሁለተኛ ክፍል ነች አባባ። ታነባለች።»

ጋሽ ሉልሰገድ ስኒውን ወደ ጎን ገፉ።

«‹እናቴ ህንድ አይደለችም፣ እዚሁ ነች› አለችኝ» ብላ ቀጠለች ዳናይት። «‹እዚሁ ሆና ወደ ቤት የማትመጣው እኔን ስለማትፈልገኝ ነው› አለች። ‹ሌላ ጫማ ልትገዛ ከመጣች ላያት ብዬ ነው የቆምኩት› አለችኝ። ስትቆም አራተኛ ቀኗ ነበር።»

ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወጣቶች ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ሉልሰገድ እነሱን እያዩ ነበር፤ የሚሉትን ግን አልሰሙም። ልጅ ካልነገሩት አያዝንም ብለው ያስቡ ነበር። ለካስ ልጅ ካልነገሩት የራሱን ታሪክ ይሠራል፤ የሠራው ታሪክ ደግሞ ከሞትም ይከፋል። የሞተች እናት ልጇን አልጠላችም። በሐሴት ልብ ያለችው እናት ግን በሕይወት አለች፤ በዚያው ድልድይ በኩል ታልፋለች፤ ልጇን ግን አትጠይቅም።

«እንዳትጎዳ ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ምን አልሻት?»

«የምለው ጠፋኝ። የተማርኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ወጣ። አቅፌ ወደ ቤት አመጣኋት። ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን የቤቱ ታላቅ እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። ተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

«አጠገብዎ እቀመጣለሁ። መስማት ያለባት ግን ከእርስዎ ነው። ህንድ ሄደች ያሏት እርስዎ ነዎት። እኔ ብነግራት እርስዎን ዳግመኛ አታምንም፤ ከእንግዲህ ደግሞ ያላት ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ምን ብዬ?»

«ሞተች ብለው።»

«እንዲህ በአንድ ጊዜ? አረፈች ልበላት።»

«አረፈች ካሏት እስክትነሳ ትጠብቃታለች። ተኛች ካሏት ራሷ መተኛት ትፈራለች።»

«እግዚአብሔር ወሰዳት ብላትስ?»

«እሱን በኋላ ይንገሯት፤ የነፍስ አባታችንም ይነግሯታል። ከሁሉ በፊት ይህን ከሰማች ግን እግዚአብሔር እናት የሚወስድ ይመስላታል። በጣም ታመመች፣ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ ሞተች። ከዚያ ዝም ብለው የምትጠይቀውን ይጠብቁ። የጠየቀችውን ብቻ ይመልሱ። ቢያለቅሱም አይደበቁ።»

ጋሽ ሉልሰገድ በነዚህ ሠላሳ ሰባት ቀናት «አረፈች» ብለዋል፤ «ተለየችን» ብለዋል፤ በእድሩ መዝገብ ላይ እንኳ «ያረፈችበት ቀን» ብለው ነው የጻፉት። ያችን ቃል ግን አንድም ጊዜ አልተናገሩም። አሁን ሊሞክሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ አልወጣ አለ። አስተናጋጇ ስኒ ልታነሳ መጣችና ፊታቸውን አይታ ተመለሰች።

«ጽዮን ሞተች» አሉ ጠረጴዛውን እያዩ።

ዳናይት እጃቸውን ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ፤ እስከዚያ ድረስ እሳቸው ለእሷ፣ እሷም ለእሳቸው ብላ በየጓዳው ነበር የሚያለቅሱት።

በማግስቱ ዓርብ ሐሴት ከትምህርት ቤት ስትገባ ጋሽ ሉልሰገድና ዳናይት ጥቁራቸውን ሳያወልቁ ጠበቋት። ልጅቷ ልብሱን አየች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ነይ አጠገቤ» አሉ አያቷ። ስትቀመጥ እጇን ያዙና የተለማመዱትን ተናገሩ፤ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ፣ ግን ጨረሱት።

ሐሴት፣ «ጫማውን ማን ገዛው?» አለች።

«እኔ።»

«ለምን እሷ ነች አልከኝ?» በዚያ ቤት እሳቸውን «አንተ» የምትላቸው ሐሴት ብቻ ነች።

«ስለፈራሁ።»

«አንተ ምን ያስፈራሃል?»

«አንቺ ስታለቅሺ ማየት።»

ሐሴት የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። «እኔ ስላስቸገርኳት አይደለም?»

«አይደለም። ኩላሊቷን አሟት ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም። እስከ መጨረሻው ስምሽን ትጠራ ነበር። ልታይሽ ፈልጋም ነበር፤ እንዳትመጪ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዳናይት ይህን የሰማችው ገና አሁን ነበር። ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው።

ሐሴት እጇን ከአያቷ እጅ አወጣች። ወደ አክስቷ ዞረችና ፊቷን ጭኗ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ለቅሶዋ የልጅ ለቅሶ አልነበረም፤ ረጅም ነበር። የዚያን ዕለት አያቷን አላናገረቻቸውም። ለራት አብረው ሲቀርቡም ፊቷን አዞረች። ጋሽ ሉልሰገድ ዳናይትን ጓዳ አስገብተው፣ «አበላሸሁት» አሏት።

«አላበላሹትም። ተቆጥታለች፤ መቆጣቷ ልክ ነው። አይሽሿት፤ እዚያው ይቀመጡ» አለቻቸው።

እዚያው ተቀመጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሐሴት ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«የት ነው ያለችው?»

«መቃብሯ?»

«አዎ። ልየው።»

ይዘዋት ሄዱ። እዚያ ስለ ደረሰው ነገር ጋሽ ሉልሰገድ ለሰው አያወሩም። ሲመለሱ ግን ልጅቷ ዳገቱን ስትወጣ እጃቸውን ይዛ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከገላንም፣ ከአራብሳም፣ ከሰሚትም መጣ። ሴቶቹ ሐሴት በሰው መሐል ተቀምጣ ሲያዩ ተደናገጡ። አንዷ ጋሽ ሉልሰገድን ጠርታ፣ «ልጅቷ ሰምታለች እንዴ?» ብላ አንሾካሾከች።

«ሰምታለች። ከእኔ ነው የሰማችው» አሉ፤ ድምፃቸውን አልቀነሱም።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ከበላ በኋላ ተነስተው ቆሙ። ንግግር የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ በእድር ስብሰባም ቢሆን የሚናገሩት አጭር ነው።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አሉ። «ለቀብሩ ስላልተለያችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ይህችን ልጅ ስዋሻት ከርሜ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ብቻዋን አስለቀስኳት። እናንተም ለእኔ ብላችሁ አብራችሁኝ ዋሽታችኋል። ልጅ ሐዘኑን ከእኛ ጋር ሲያለቅስ ይቀልለዋል። ሲደበቅበት ግን ጥፋተኛ እኔ ነኝ ይላል፤ በራሱ ይፈርዳል፤ ትምህርቱም እንቅልፉም ይበላሻል። ደግሞ አንድ ቀን ከሰው አፍ ይሰማና ያሳደገውን ሰው ማመን ያቆማል። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ዳናይት ነች። ባንክ ለቃ ማኅበራዊ ሥራ ለመማር መግባቷን የሰማሁት ሐሙስ ነው። ለጎረቤትነት ትምህርት ምን ያደርጋል ብዬ ተከራክሬአት ነበር። እናንተ ቅርቤ በነበራችሁ ጊዜ ምናልባት ልክ ነበርኩ። አሁን ግን ተበታትነናል። ድንኳን እንተክላለን፣ እናነሳለን፤ ከዚያ በኋላ ባል የሞተባት ሴት፣ ወላጅ ያጣ ልጅ፣ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ በየት እንደወደቀ አናውቅም። የተማረ ሰው ከእድራችን ጋር ቢሠራ እኛ የማንደርስበት ይደርሳል። ትምህርቷን እኔ ፈቅጃለሁ፤ እናንተም መርቁልኝ።»

ሰዎቹ መረቁ። ሁሉም አላመነበትም፤ አንዳንዶቹ «ዘመኑ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልማድ በአንድ እሑድ አይለወጥም፤ አንድ ሰው እውነቱን በአደባባይ ሲናገር ግን ሌላው ለመናገር ድፍረት ያገኛል።

ሰው ሲበተን አቶ ደምመላሽ ወደ ኋላ ቀሩ። በድሮው ሰፈር ከጋሽ ሉልሰገድ ሱቅ ጎን የጌጣጌጥ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ አሁን ለሚ ኩራ ይኖራሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሉልሰገድ፣ የእኛን ልጅ ታውቀዋለህ፤ የሟቹን የልጄን ልጅ» አሉ።

«አውቀዋለሁ።»

«አባትህ ዱባይ ነው እንዳልነው ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ሰሞኑን ሽንቱን አልጋው ላይ መልቀቅ ጀምሯል። አሥር ዓመቱ ነው እኮ።» ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩት። «ልጅህ መቼ ነው የምትመረቀው?»

«ገና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይቀራታል። ግን አስተማሪ አላት፤ ዳናይት ባትችል ከሚችል ሰው ጋር ታገናኝሃለች።»

አቶ ደምመላሽ ግቢው ጥግ ላይ ከሐሴት ጋር ወንበር የምትደራርበውን ዳናይትን ተመለከቱ።

«ልጁ እስከዚያ አይቆይልኝም» አሉና ተነስተው ወደ እሷ ሄዱ።